ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ቀናት፤ የእጅ ስልክ ለቁስል ክትትል የሚሰጠው አገልግሎትና ወሰኑ

ቀዶ ሕክምና ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚያተኩረው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ላይ ነው። ሕመምተኛው ከማደንዘዣው ነቅቶ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ ከክፍሉ ሲወጣ ቤተሰብ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉው አለፈ» ብሎ እፎይ ይላል። በሕክምናው ዓለም የተሰበሰበው መረጃ ግን የሚበልጠው አደጋ ከዚህ በኋላ እንደሚመጣ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመውና በ25 የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ከ11 ሺሕ በላይ ሕሙማንን ያካተተው ጥናት እንዳሳየው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ ለተጓዳኝ ችግር ተዳርጓል። በሆስፒታል ውስጥ ከሞቱትም ከመቶ 94ቱ ሕይወታቸው ያለፈው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ቀን በኋላ ነው። ከተጓዳኝ ችግሮቹ ሁሉ በብዛት የታየው ኢንፌክሽን ነበር።

ከዚህም የተነሣ ባለፉት ዓመታት የብዙ ተመራማሪዎች ጥያቄ «ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይሠራ?» ከሚለው አልፎ «ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ማን ይከታተለው?» ወደሚለው ተሻግሯል። የእጅ ስልክና ሌሎች ዲጂታል መሣሪያዎችም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ገብተዋል። ይህ ጽሑፍ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ፣ በሩዋንዳ ገጠር የተካሄደውን የምርምር ሥራ እንደ ዋና ምሳሌ በመውሰድ፣ እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚጠቅሙና የት ላይ እንደሚያቆሙ ለክቡራን አንባብያን ያብራራል።

የቁስል ኢንፌክሽን ለምን በቤት ውስጥ ይገለጣል?

የሰው ቆዳ ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቅ አጥር ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይህ አጥር ስለሚከፈት፣ በቆዳው ላይ፣ በመሣሪያዎች ላይ ወይም በሰውነት ውስጥ የነበሩ ተሕዋስያን ወደ ቁስሉ የሚገቡበት ዕድል ይፈጠራል። ተሕዋስያኑ ተራብተው ምልክት እስኪያሳዩ ድረስ ግን ቀናት ያልፋሉ። በዚህም ምክንያት የሕክምና ባለሙያዎች የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን የሚመዝኑት በተለምዶ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል የምትወጣው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ኢንፌክሽኑ ግን ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻና በሁለተኛው ሳምንት ነው። በእነዚህ ቀናት እናቲቱ ከሐኪሟ ርቃ፣ አራስ ልጇን ይዛ በቤቷ ትገኛለች። ቁስሉ ሲሞቅ፣ ሲያብጥ ወይም መግል ሲቋጥር «የቁስል ነገር ነው፣ ይሻለኛል» ብላ ልትታገሥ ትችላለች። ሕመሙ ከትዕግሥት በላይ ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ በጊዜው በጥቂት መድኃኒትና በቁስል እጥበት ሊድን ይችል የነበረው ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ወደሚያስፈልግበት ወይም ወደ ደም ተሰራጭቶ ሕይወት ወደሚያሰጋበት ደረጃ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሸክም በአገሮች መካከል እኩል የተከፋፈለ አይደለም። በ66 አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ላይ እንዳመለከተው፣ ከፍተኛ የልማት ደረጃ ባላቸው አገሮች የቁስል ኢንፌክሽን ያጋጠማቸው ሕሙማን ከመቶ 9.4 ሲሆኑ፣ ዝቅተኛ የልማት ደረጃ ባላቸው አገሮች ግን ከመቶ 23.2 ደርሰዋል። ጥግ የሌለው ሆስፒታል፣ ረጅም መንገድና የተመናመነ ኪስ በአንድነት የሚያስከትሉት ልዩነት ነው።

በኪሬሄ የተጀመረው ሥራ

ኪሬሄ በሩዋንዳ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በታንዛኒያ ድንበር አቅራቢያ የሚገኝ በአብዛኛው በእርሻ የሚተዳደር ሕዝብ የሚኖርበት ወረዳ ነው። በወረዳው ሆስፒታል ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል የሚበዛው ለወላድ እናቶች የሚደረገው ነው። በዚህ ሆስፒታል ከሩዋንዳ የጤና ሚኒስቴር ጋር የሚሠራው ኢንሹቲ ሙ ቡዚማ የተባለው ድርጅት፣ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ጋር በመሆን እናቶቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ የሚደርስባቸውን ለማወቅ ጥናት ጀመረ። ከሥራው መሪዎች አንዷ የባዮስታቲስቲክስ ተመራማሪዋ ቤተኒ ሄት-ጎቲዬ ሲሆኑ፣ ከሩዋንዳውያን ተመራማሪዎችና ከቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ሪቪዬሎ ጋር በመተባበር ለብዙ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ሠርተዋል።

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ ቢላ አይጨብጥም፤ መድኃኒትም አያዝም። ሥራው የተሰበሰበው ቁጥር እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው። በመሆኑም የቡድኑ የመጀመሪያ እርምጃ ስልክ ማደል አልነበረም፤ አስቀድሞ ችግሩን መለካት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች በአሥረኛው ቀን ገደማ ተመልሰው እንዲመረመሩ ተደረገ። በዚህም ከተመረመሩት መካከል ከአሥሩ አንዷ ገደማ የቁስል ኢንፌክሽን እንደያዛት ታወቀ።

ከዚህ ጥናት ግኝቶች ሁለቱ በተለይ ሊጤኑ ይገባል። አንደኛው፣ ቆዳቸው ከቀዶው በፊት በአንድ ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ብቻ የታጠበላቸው እናቶች ሁለት ዓይነት ከተጠቀሙት ይልቅ ለኢንፌክሽን የተጋለጡ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ጤና ተቋም ለመጓዝ ከፍ ያለ ወጪ የሚያወጡ እናቶች ለኢንፌክሽን ያላቸው ተጋላጭነት የበረታ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በሆስፒታሉ ውስጥ ሊታረም የሚችል ነው። ሁለተኛው ግን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ያለ ነገር ነው፤ የእናቲቱ የመኖሪያ ርቀትና የትራንስፖርት ዋጋ የቁስሏ ዕጣ ፈንታ አካል መሆናቸውን ያመለክታል። ተመራማሪዎቹ «እናቲቱ ወደ ሐኪሙ ከምትመጣ ይልቅ ምርመራው ወደ እናቲቱ ቢሄድስ?» ብለው እንዲጠይቁ ያደረጋቸው እንዲህ ያለው እውነታ ነው።

ጥያቄውን ወደ ቤት መውሰድ

ሩዋንዳ በየመንደሩ በነዋሪው የሚመረጡ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች አሏት። እነዚህ ሰዎች ሐኪሞችም ነርሶችም አይደሉም፤ ጎረቤቶቻቸው የሚያምኗቸው፣ መሠረታዊ ሥልጠና ያገኙ የመንደሩ ተወላጆች ናቸው። ቡድኑ የነደፈው ዘዴም በዚህ መዋቅር ላይ የተመሠረተ ነው። ለሥራው የሠለጠነ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በአሥረኛው ቀን ገደማ ወደ እናቲቱ ቤት ይሄዳል፤ በእጁ የያዘው ዲጂታል መሣሪያም አጫጭር ጥያቄዎችን በተራ ያቀርብለታል። ትኩሳት አለ? ሕመሙ እየበረታ ነው? ከቁስሉ ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ ይወጣል? መልሶቹ ሲገቡ አደጋ የሚያመለክቱ ከሆነ እናቲቱ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ ይነገራታል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ዘዴ በግምት መልካም ነው ብለው አልተቀበሉትም። እናቶቹን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፍለው ፈተኑት። የመጀመሪያው ቡድን በቤቱ ተጎበኘ፤ ለሁለተኛው ቡድን ተመሳሳዩ ጥያቄ በስልክ ቀረበለት፤ ሦስተኛው ደግሞ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ አገኘ። በዕጣ መከፋፈሉ ያስፈለገው፣ የሚታየው ልዩነት ከዘዴው የመጣ እንጂ ከእናቶቹ የትምህርት፣ የሀብት ወይም የጤና ልዩነት የመጣ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ነው። ብዙ የልማት ፕሮጀክቶች «ሠርተናል፣ ተጠቃሚው ተደስቷል» በሚል ሪፖርት በሚዘጉበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ቁስልን በፎቶግራፍና በሙቀት ማንበብ

ቃለ መጠይቅ ግን የራሱ ጉድለት አለው። አንዷ እናት ብርቱ ሕመም የምትለውን ሌላዋ ቀላል ልትለው ትችላለች። ስለዚህ ጤና ሠራተኛው የቁስሉን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ ለሐኪም ቢልክ፣ ወይም ኮምፒውተር ምስሉን ራሱ እንዲመረምረው ቢደረግ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ይህን የቴክኒክ ክፍል የሠራው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሪች ፍሌቸር የሚመራው ቡድን ነው።

ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ቢመስልም፣ በጭለማ ጎጆ ውስጥ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን የተነሣና በጠራራ ፀሐይ የተነሣ የአንድ ቁስል ምስል ሁለት የተለያዩ ቁስሎች ሊመስሉ ይችላሉ። ስለሆነም በቁስሉ ዙሪያ የሚቀመጥ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ የወረቀት ማዕቀፍ ተዘጋጀ። ይህ ማዕቀፍ የቀለሙንና የመጠኑን ልዩነት ለማስተካከል ያገለግላል፤ ከቁስሉ ውጭ ያለውን የእናቲቱን ገላ በመሸፈንም ክብሯን ለመጠበቅ ይረዳል። ከረቀቀው ቴክኖሎጂ ጎን ለጎን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይህን ያህል ዋጋ ነበራት።

ሌላው እንቅፋት የቆዳ ቀለም ነው። የሕክምና መጻሕፍት የኢንፌክሽን ምልክት ብለው ከሚያስተምሩት አንዱ የቁስሉ ዙሪያ መቅላት ነው። ይህ መቅላት በነጣ ያለ ቆዳ ላይ ጎልቶ ሲታይ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን በዓይንም በካሜራም በቀላሉ አይለይም። ኮምፒውተሩ የሠለጠነው በሌላ አገር ሰዎች ምስል ከሆነ ደግሞ በአፍሪካዊት እናት ቁስል ላይ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ምክንያት ቡድኑ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሞዴሉን ያሠለጠነው በዚያው በኪሬሄ እናቶች ምስል ነው። ሁለተኛ፣ በስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሙቀት ካሜራ ተጠቀመ። ኢንፌክሽን ያለበት ሥጋ ደም ስለሚበዛበት ይሞቃል፤ የሙቀት ካሜራ ደግሞ ቀለምን ሳይሆን ሙቀትን ስለሚያነብ የቆዳው መጥቆር ወይም መንጣት አያሳስተውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በቀረበው ውጤት መሠረት፣ በ530 እናቶች የሙቀት ምስል ላይ የተሠራው ሞዴል ኢንፌክሽን ካለባቸው መካከል ከመቶ 95ቱን፣ ጤነኞች ከሆኑት መካከል ደግሞ ከመቶ 84ቱን በትክክል ለይቷል።

ቁጥሮቹ በተግባር ምን ማለት ናቸው?

«ከመቶ 95» የሚለው ቁጥር ጆሮን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይገባል። አንድ ሺሕ እናቶች በዚህ መሣሪያ ተመረመሩ እንበል፤ ከእነዚህም መቶዎቹ ኢንፌክሽን ይኑርባቸው። መሣሪያው ከመቶዎቹ 95ቱን ያገኛል፤ አምስቱን ግን «ደህና ናችሁ» ብሎ ያልፋቸዋል። ጤነኞች ከሆኑት 900 መካከል 756ቱን በትክክል «ደህና» ይላቸዋል፤ የቀሩትን 144 ግን ኢንፌክሽን ሳይኖርባቸው ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ ያዝዛቸዋል።

ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም ከሚላኩት 239 እናቶች መካከል የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። ይህ መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ያለ መሣሪያው አንድ ሺሑም እናቶች መመርመር ነበረባቸው፤ አሁን ግን አንድ አራተኛ የማይሞሉት ብቻ ተጉዘው ኢንፌክሽን ካለባቸው መቶ እናቶች ውስጥ አብዛኞቹ በጊዜ ይታከማሉ። ነገር ግን አራስ ልጅ አዝላ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድራ ለተጓዘችው ጤነኛ እናት የመሣሪያው ስሕተት ቁጥር ብቻ አይደለም። «ደህና ነሽ» ለተባለችው፣ ግን ኢንፌክሽን ላለባት እናት ደግሞ ስሕተቱ ከዚህ ይከፋል። በመሆኑም መሣሪያው የሐኪምን ፍርድ የሚተካ ሳይሆን ማን ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይድረስ የሚለውን ለመወሰን የሚያግዝ ነው። «ደህና ነሽ» የተባለች እናትም ሕመሟ ከበረታ ሳትዘገይ እንድትመለስ ሊነገራት ይገባል።

በሌላ በኩል፣ ሕመምተኛው ራሱ መሣሪያውን ሲይዝ

የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በሌለበትና አብዛኛው ሰው ዘመናዊ ስልክ በያዘበት አገር ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በስኮትላንድ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድንገተኛ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 492 ሕሙማንን በሁለት ቡድን ከፍለው አጥንተዋል። በአንደኛው ቡድን ያሉት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ15ኛው ቀን ስለ ቁስላቸው የቀረቡላቸውን ጥያቄዎች በስልካቸው እየመለሱ ፎቶግራፍ ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት፣ በ30 ቀናት ውስጥ በአጠቃላይ ኢንፌክሽኑን ለማወቅ በወሰደው ጊዜ በሁለቱ ቡድኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ሆኖም በስልክ የተከታተሉት ሕሙማን ኢንፌክሽናቸው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውስጥ የመታወቁ ዕድል ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ ነበር፤ ወደ አካባቢያቸው ጤና አገልግሎት የመመላለሳቸው ነገርም ቀንሷል።

ሁለቱ ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርታቸው ግልጽ ነው። በኤዲንብራ መሣሪያው ያለው በሕመምተኛው እጅ ነው፤ በኪሬሄ ግን ስልክ የሌላት፣ ወይም ስልኩ በባለቤቷ እጅ የሚውል፣ ማንበብም የማትችል እናት እንዳትቀር መሣሪያው የተሰጠው ለጎረቤቷ ጤና ሠራተኛ ነው። አንዱን አገር የጠቀመ መተግበሪያ እንዳለ ተገልብጦ ለሌላው አይሆንም።

መሣሪያው ብቻውን የማይፈታው ችግር

በ28 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት በዚህ ረገድ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። ጥናቱ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሕሙማንን አስቀድሞ በመለየት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሆስፒታል ውስጥ የሚደረግላቸው ክትትል እንዲጠናከር አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ የሟቾች ቁጥር አልቀነሰም። ክትትሉን የሚያደርገው ያው ቁጥሩ ያልጨመረ ነርስ፣ ያው የተጨናነቀ ክፍል ከሆነ፣ «ይህ ሕመምተኛ አደጋ ላይ ነው» የሚል ምልክት ብቻውን ሕይወት አያተርፍም። ምልክቱን ሰምቶ የሚነሣ ሰው፣ የሚሰጥ መድኃኒት፣ የሚጠቀምበትም አልጋ ሊኖር ይገባል።

በስልክ በሚደረግ ክትትልም ጉዳዩ ይኸው ነው። እናቲቱ «ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ከተባለች በኋላ በጤና ጣቢያው የሚቀበላት ባለሙያና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካላገኘች፣ በሁለተኛው ጊዜ የጤና ሠራተኛውን ምክር አትሰማም። የቁስል ፎቶግራፍም የግል ምሥጢር ነው። በማን ስልክ ላይ እንደሚቀር፣ ለማን እንደሚላክ፣ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ መወሰንና ለእናቲቱ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት ፈቃዷን መስጠት አለባት።

ለአገራችን ያለው ትምህርት

በአገራችን የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽንን ከምንጩ ለመከላከል የሚያበረታታ ሥራ ተሠርቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር የጀመረው «ክሊን ከት» የተሰኘው መርሐ ግብር የእጅና የቆዳ ጽዳትን፣ የመሣሪያዎችን ንጽሕና፣ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አሰጣጥ ሰዓትንና የመሰሉትን መሠረታዊ ተግባራት በማጥበቅ፣ በአምስት ሆስፒታሎች የኢንፌክሽኑን መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአበው ብሂል እዚህም ይሠራል፤ ከሁሉ የሚበልጠው የስልክ ክትትል ሳይሆን ክትትሉ የማያስፈልገው ንጹሕ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሆስፒታል በኋላ ላለው ጊዜም መሠረቱ አለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሠራተኞቹን እስከ ቀበሌ አድርሷል፤ የማኅበረሰብ ጤና መረጃን በታብሌት የመመዝገብ ሥራም ተጀምሯል። በጤና ዘርፍ የተሠማሩ የልማት ድርጅቶች እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው፣ ስንት ስልክ እንደሚገዛ ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይመከራል። በአካባቢው ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ተለክቷልን? ምልክት የታየባት እናት ተልካ የምትደርስበት ተቋም ዝግጁ ነውን? የመጓጓዣዋንስ ወጪ ማን ይሸፍናል?

እስከዚያው ድረስ ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በቤት ሲኖር፣ ትኩሳት ከተነሣበት፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከበረታ፣ የቁስሉ ዙሪያ ካበጠና ከሞቀ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣው፣ ወይም ስፌቱ ከተከፈተ፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በኪሬሄ ጤና ሠራተኛው በእጁ ይዞት የሚዞረው ቅጽም በመሠረቱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አራስ የሚጠይቅ ዘመድና ጎረቤት ገንፎውን ቀምሶ ከመመለሱ በፊት «ቁስልሽስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአሥሩ ቀናት ክትትል ከፊሉን ፈጸመ ማለት ነው።